ከጭስ የተወለዱ ቃላት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኤክሰተር ከተማ ካቴድራል ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የብራና መጽሐፍ አለ። ለካቴድራሉ የሰጡት በ1072 የሞቱት ጳጳስ ሌዎፍሪክ ናቸው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በመጽሐፉ ካሉት ግጥሞች አንዱ ፓንተር ስለተባለ አውሬ ይተርካል። አውሬው በልቶ ከጠገበ በኋላ ሦስት ቀን ይተኛል። ሲነቃ ከአፉ ዜማ ይወጣል፤ ዜማውን ተከትሎም ከአበባ ሁሉ የሚበልጥ መዓዛ ይፈስሳል። ሰውም አራዊትም መዓዛው ወደመጣበት ይጎርፋሉ። የታሪኩ ምንጭ በግሪክኛ የተጻፈው፣ በኋላም ወደ ግዕዝ ተመልሶ ፊሳልጎስ እየተባለ በአገራችን ሲነበብ የኖረው የእንስሳት መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ያንን ድንቅ መዓዛ የጠራበት ቃል «ስቴንክ» ነበር።

ቃሉ ዛሬም አለ፤ «ስቴንች» ሆኗል። የሚጠሩበት ግን የቦይ፣ የሬሳ፣ የተበላሸ ሥጋ ግማት ነው። ወንድሙ «ስቲንክ»ም ዕጣው ያው ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግሱ ማንኛውንም ሽታ፣ ሽቅብ የሚነሣ አቧራን ጭምር ይገልጽ ስለነበር፣ ጽጌረዳ «ስቲንክ» ታደርጋለች ማለት ምንም ነውር አልነበረበትም። ክፉው ትርጉም ያኔም ከጎኑ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ደጉን ገፍቶ አስወጣና ቤቱን ብቻውን ያዘ።

የተለቀቀውን ቦታ የወረሰው «ስሜል» ነው። በጽሑፍ ብቅ ያለው በ12ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ በተወለደበት ቤተሰብ ውስጥ ካሉት ቋንቋዎች በየትኛውም ቁርጥ ያለ ዘመድ አልተገኘለትም። ለደጉም ለክፉም የሚያገለግል ሆኖ ገባ። አሁን እሱም ወደ ታች እየወረደ ነው፤ «ጥሩ» የሚል ቅጽል ካልታከለበት አንድን ሰው «ስሜል ታደርጋለህ» ማለት መስደብ ነው። በዚህ ነገር እንግሊዞችን ብቻ መታዘብ አንችልም። እኛም «ቤቱ ይሸታል» ስንል ዕጣን ጨሰበት ማለታችን እንዳልሆነ ሰሚው ሁሉ ይገባዋል።

ስለ ታላቁ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ስለ ሳሙኤል ጆንሰን የሚነገር ቀልድ አለ፤ እውነት ባይሆንም ለቃሉ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። አንዲት ወይዘሮ «ዶክተር፣ ይሸታሉ» ቢሏቸው፣ «የለም እመቤቴ፣ የሚያሸቱት እርስዎ ነዎት፤ እኔስ እገማለሁ» አሉ ይባላል። እንግሊዝኛ መሽተትንም ማሽተትንም በ«ስሜል» ስለሚጠራ ነው ቀልዱ የሚሠራው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ፊደል ስለሚለያቸው ወይዘሮዋ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ቀልዱ ይሞታል።

ሦስተኛው ወራሽ «ኦደር» ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል በ1300 ገደማ የገባ፣ የተከበረ ቃል ነበር፤ የቅዱሳን አጽም የሚሰጠው መዓዛ የሚጠራው በእሱ ነበር። ክብሩን የገፈፈው የአሜሪካ የማስታወቂያ ሥራ ነው። በ1919 ኦዶሮኖ የተባለ የላብ መከላከያ ለሴቶች በሚታተም መጽሔት ላይ ባወጣው ማስታወቂያ የሴቶች ብብት ሊሸት እንደሚችል በአደባባይ ተናገረ፤ የተቀየሙ አንባቢዎች ነበሩ፣ ሽያጩ ግን አደገ። በ1930ዎቹ ደግሞ ላይፍቦይ፣ አዎ ያ ቀዩ ሳሙና፣ «የሰውነት ኦደር» የሚለውን ሐረግ በሁለት ፊደል አሳጥሮ በሬዲዮ እንደ መርከብ ጡሩንባ በሚያስገመግም ድምፅ አስጮኸው። ከዚያ ወዲህ «ኦደር» ከቅዱሳን ይልቅ የብብት ጎረቤት ነው።

ሦስት ቃላት አንድ መንገድ ሲሄዱ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። እኔ ምክንያቱን አፍንጫ በምትሠራው ሥራ ውስጥ አየዋለሁ። ጥሩ ሽታ ሲመጣ ሰው ብዙም አይናገርም፤ ቢናገርም ነገሩን በስሙ ይጠራል፦ የቡና፣ የጽጌረዳ፣ የዳቦ ሽታ ይላል። «ሽታ» የሚለው ቃል ብቻውን የሚወጣው ምንጩ ያልታወቀና የሚያሳስብ ነገር ሲኖር ነው፤ ጋዙ ተከፍቶ ይሆን? ሥጋው አድሮበት ይሆን? ቃሉ በጭንቀት ሰዓት ብቻ እየተጠራ ጭንቀቱ ይጣበቅበታል።

ጭንቀቱ አንዴ ከተማ አስቆፍሯል። በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ የለንደንን እዳሪ ተሸክሞ በሙቀቱ ሲብላላ በወንዙ ዳር ያለው ፓርላማ መቀመጥ አቃተው፤ መጋረጃዎቹን በክሎራይድ ኦፍ ላይም ነክረው ሰቀሉ። ያ ወቅት በታሪክ የሚታወቀው «ታላቁ ስቲንክ» ተብሎ ነው። ያኔ ብዙ ሐኪሞች ኮሌራን የሚያመጣው መጥፎው ሽታ ራሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ከአራት ዓመት በፊት በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ ቢያሳይም ሰሚው ጥቂት ነበር። እንደራሴዎቹ ሽታውን ሸሽተው ገንዘብ ፈቀዱ፣ ጆሴፍ ባዘልጌት የፍሳሽ ቦዮቹን ሠራ፣ የመጠጡ ውኃ ከእዳሪ ተለየና ኮሌራው ሄደ። በተሳሳተ እምነት ትክክለኛ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። «ማላሪያ» የሚለው ስምም የዚያው እምነት ልጅ ነው፤ በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ትንኟ ተጠያቂ መሆኗ በ1897 ሲረጋገጥም ስሙን የሚያነሣው አልተገኘም።

አሁን ወደ ጭስ እንምጣ፤ የእንግሊዝኛ የሽታ ቃላት ትልቁ መፍለቂያ እሱ ነውና።

«ሪክ» ዛሬ ክፉኛ መግማት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ጭስ ማለት ብቻ ነበር። የጀርመንኛው «ራውኽ»ና የደቹ «ሮክ» እስከ ዛሬ ጭስ እንደሆኑ አሉ፤ ጀርመንኛ ከዚያው ሥር «ሪኸን» የሚል ግስ አውጥቶ ለማሽተትም ለመሽተትም ይጠቀምበታል። የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ «የጭስ ወሽመጥ» ትባላለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ያዩት ጭስ ከፍል ውኃ የሚነሣ እንፋሎት ነበር። ስኮትላንዶች የጥንቱን ትርጉም አልጣሉም። ኤድንብራን «አሮጊቷ ጭሳም» ብለው በፍቅር ይጠሯታል፤ ጤናና ብልጽግና ሲመራረቁም የጭስ ማውጫህ ለዘለዓለም ይጭስ የሚሉት በዚሁ ቃል ነው። ቀዝቃዛ አገር ላይ ጭስ ያለበት ቤት ማገዶ ያለበት ቤት ነውና ምርቃቱ አይገርምም። ከድንበሩ በስተደቡብ ግን ጭሱ ወደ ሽታ፣ ሽታው ወደ ግማት ተለወጠ።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመው «ፐርፊዩም» ነው። ዛሬ በብልቃጥ ታሽጎ በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ የሚደረደር ፈሳሽ ነው፤ ቃሉ ሲፈታ ግን ከላቲኑ «ፐር» እና «ፉሙስ» የተገጣጠመ፣ በጭስ አማካይነት ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ሥራውም ይኸው ነበር፤ አንድን ክፍል «ፐርፊዩም» ማድረግ ማለት እንጨትና ሙጫ እያቃጠሉ ማጠን ማለት ነበር። በ1600 በታተመው የሼክስፒር ተውኔት «መች አዱ አባውት ነቲንግ» ውስጥ ቦራኪዮ የተባለ ተንኮለኛ ሎሌ አለ። የመኳንንቱን ምስጢር እንዴት እንደሰማ ሲያስረዳ፣ ፐርፊዩም አድራጊ ሆኜ ተቀጥሬ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ክፍል ሳጥን ነበር ይላል። የዛሬ እንግሊዛዊ ተማሪ እዚህ ቦታ ሲደርስ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል፤ ሽቶ ቀማሚ በምን ምክንያት ጭስ ያጨሳል? እንግዳ ሳይመጣ ዕጣን ጣል ተደርጎበት በሚታጠን ቤት ያደገ አንባቢ ማስታወሻውን ሳያይ ይረዳዋል። ጭሱ ቀርቶ ፈሳሹ ሲመጣ ቃሉ አብሮ ተሻገረ፤ ውስጡ ያለውን ጭስ የሚያየው የለም።

«ኢንሴንስ» ከዚህ ሰፈር ነው፤ ላቲኑ «አቀጣጠለ» ማለት ነው። ሰውን በቁጣ ማንደድ የሚለው የእንግሊዝኛ ግስም በፊደልም በምንጭም ከእሱ አይለይም። ነጭ ዕጣን «ፍራንክኢንሴንስ» ሲባል ፍራንኮች የሚባሉት ሕዝቦች አመጡት ለማለት አይደለም፤ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ፍራንክ» የጠራ፣ የላቀ ማለት ስለነበር ምርጥ ዕጣን ለማለት ነው። ከመተማና ከሁመራ ቆላ ዛፉ ተበጥቶ የሚሰበሰበው ሙጫ ዛሬም በዓለም ገበያ የሚሸጠው በዚህ ስም ነው።

ከጭስ የተወለደ አንድ ቃል ደግሞ ዘፋኝ ሆኗል። «ፈንክ» በ17ኛው መቶ ዘመን የትምባሆ ጭስ ሽታ ነበር፤ ሥሩ ማጨስ የሚል የላቲን ግስ ነው። ከትምባሆ ወደ ታፈነ ክፍል፣ ከታፈነ ክፍል ወደ ላብ ሽታ ተሸጋገረ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በኒው ኦርሊንስ ጥቁር አሜሪካውያን በላብ ተጠምቀው የሚጨፍሩባቸውን ጠባብ አዳራሾች የሚያስታውሰው ይህ ቃል ለሙዚቃው ማሞገሻ ሆነ፤ ያልተለሳለሰ፣ ከሰውነት የሚወጣ ሙዚቃ ማለት ነው። ቃሉ በኋላ የሙዚቃ ስልት ስም ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ስልቱን የቀረጸው ጄምስ ብራውን አባቱ ተባለ። በዚህ ምዕራፍ ካሉት ቃላት ሁሉ ከክፉ ወደ ደግ የወጣ አንድ እሱ ነው፤ ለመውጣትም የሽታ ቃልነቱን መተው ነበረበት።

«ሴንት» ሌላ በር ነው፤ ከማሽተት አልጀመረም። ላቲኑ «ሴንቲሬ» ተሰማው፣ ታወቀው ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ ያመጡት አዳኞች ናቸው፦ ውሻው የአጋዘኑን ዱካ በአፍንጫው «ተሰማው» ይሉ ነበር። ሲጻፍም በድምፁ ልክ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የማይነበብ አንድ ፊደል መሐሉ ጣልቃ ገባበትና እስከ ዛሬ ተማሪ ያሳስታል። ከዚያ ወዲህ ከውሻ አፍንጫ ወደ እመቤቶች አንገት ዘለለ። በ1950ዎቹ የቋንቋ ሊቁ አላን ሮስና ደራሲዋ ናንሲ ሚትፎርድ የእንግሊዝ መኳንንት አነጋገር ከመካከለኛው መደብ በምን እንደሚለይ ሲጽፉ፣ ሽቶን «ሴንት» የሚለው መኳንንቱ፣ «ፐርፊዩም» የሚለው መኳንንት ለመምሰል የሚጣጣረው መሆኑን ጠቁመዋል። የፈረንሳይኛ ቃል መርጦ መታየት የሚያሳጣበት አገር ነው።

«አሮማ» በግሪክኛ ቅመም ነበር፤ ሴቶቹ ወደ ጌታ መቃብር ይዘው የሄዱት፣ በአማርኛው ወንጌል «ሽቱ» የተባለው፣ በግሪክኛው «አሮማታ» ነው። «ፓንጀንት» መውጋት ከሚል የላቲን ግስ ነው፤ የሚሰነፍጥ ነገር አፍንጫ ይወጋል። ሁለቱም ከሌላ ሙያ ተውሰው የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከቅመም ነጋዴ፣ ሌላው ከመርፌ።

የሽቶ ንግድ ያመጣቸው የእንስሳት ስሞች ግን ማብራሪያ ይገባቸዋል፤ አንዱ የእኛ አገር ጉዳይ ነውና። «መስክ» የሚባለው ሽቶ የሚገኘው በሂማላያ አካባቢ ከሚኖር የአጋዘን ዘመድ፣ ሆዱ ሥር ካለ ከረጢት ነው። ስሙ በፋርስኛ በኩል ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የወንድ ፍሬ ነው፤ ከረጢቱን ያየ ሰው ያወጣለት ስም ነው። «ሲቬት» ደግሞ ዝባድ ነው። ዓረብኛው «ዘባድ» በጣሊያንኛ «ዚቤቶ»፣ በፈረንሳይኛ «ሲቬት» እየሆነ እንግሊዝ ሲደርስ ከአማርኛው ጋር ዘመድነቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በአማርኛ እንስሳው ጥርኝ፣ የሚወጣው ቅባት ዝባድ ነው፤ እንግሊዞች ግን ምርቱን እንጂ እንስሳውን ስላላወቁ ሁለቱንም በምርቱ ስም ጠሩ።

ከእናርያና ከሊሙ አገር በቅፍለት የሚወርደው ዝባድ፣ በቀንድ ታሽጎ፣ ለብዙ ዘመን ከኢትዮጵያ ከሚወጡ ውድ ዕቃዎች አንዱ ነበር። ዛሬም በጅማና በአካባቢው ገበሬዎች ወንድ ጥርኞችን በጠባብ የእንጨት ቀፎ አስገብተው፣ ሙቀቱ በእሳት በተጠበቀ ጎጆ ያኖራሉ፤ በየዘጠኝና አሥር ቀኑ ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ ቅባቱን ይፍቃሉ። ትኩሱን ያሸተተ ሰው ፈረንጅ ለምን ወርቅ እንደሚከፍልበት አይገባውም፤ እዳሪ እዳሪ ይላል። በአልኮል ሲቀጥን ግን አበባ አበባ ማለት ይጀምራል፤ የሌላውንም ሽቶ ቆዳ ላይ ያቆያል። በ1926 ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ ዋናው ንጥረ ነገር ሲቬቶን በአሥራ ሰባት የካርቦን አቶሞች ቀለበት የተሠራ መሆኑን አሳየ። ያን የሚያህል ቀለበት ሊጸና አይችልም ይባል ስለነበር ሥራው በ1939 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት አንዱ ሆነ። የጥርኙ ስቃይ ግን በቀመር አልቀለለም፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ቀፎዎቹን ፎቶ አንሥተው ሲያሳዩ የአውሮፓ ሽቶ ሠሪዎች ወደ ፋብሪካው ሲቬቶን አዘነበሉ።

እንግሊዞች በዚህ ንግድ እጃቸውን ሞክረው ነበር። በ1692፣ ገና «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ሳይጽፍ፣ ዳንኤል ዲፎ ወደ 70 የሚጠጉ ጥርኞች ገዝቶ ዝባድ ሊያመርት ተነሣ። በዚያው ዓመት ከሰረ፤ ጥርኞቹም ለዕዳ ተያዙ። ብዙ ሌላ ንግድም ስለነበረው ኪሳራውን በጥርኞቹ ማላከክ ግፍ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የቃል ሥራውን ኬሚስቶች ተረከቡት። ወደ ግሪክኛ መዝገበ ቃላት ሮጡና ንጥረ ነገር ሁሉ ላይ ሽታ ለጠፉ፦ ኦስሚየም፣ ብሮሚንና ኦዞን የሚባሉት ስሞች ሦስቱም ሽታ ወይም ግማት ከሚሉ የግሪክ ቃላት ወጡ። ከዚህ ልማድ አንድ የሽታ ቃል ከቤተ ሙከራ አምልጦ ሰው አፍ ገባ። በ1964 አውስትራሊያውያኑ ተመራማሪዎች ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት፣ በደረቅ መሬት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሚነሣው ሽታ ከየት እንደሚመጣ ጻፉ። በበጋው ወራት ከዕፅዋት የሚወጡ ቅባቶች አፈርና ድንጋይ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ እርጥበቱ ሲመጣ ይለቀቃሉ። ስሙን «ፔትሪኮር» አሉት፤ «ፔትራ» ድንጋይ፣ «ኢኮር» በግሪኮች ተረት በአማልክት ሥር ውስጥ የሚሮጥ ደም ነው። በሰሜን ሕንድ በካናውጅ ከተማ ሽቶ ቀማሚዎች ይህንኑ ሽታ ከተጠበሰ ሸክላ እያጣሩ በሰንደል ዘይት ውስጥ ሲያስቀሩት የኖሩ መሆኑን ሁለቱ ሊቃውንትም ያውቁ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ሌላው የሽታው ምንጭ ተለየና «ጂኦስሚን»፣ የምድር ሽታ፣ ተባለ። የሰው አፍንጫ ጂኦስሚንን ከትሪሊዮን እጅ በጥቂቱ ቢገኝ እንኳ ይለየዋል። ዝናብ በማይጠፋበት ደሴት የተወለደ ቋንቋ ለዚህ ሽታ ቃል ለማግኘት እስከ 1964 መጠበቁ ሳያሳፍረው አይቀርም።

አውሮፓውያን ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ ጥፋቱን በአፍንጫ ላይ ሲያሳብቡ ኖረዋል፤ ማሽተት ደካማ የስሜት ሕዋስ ስለሆነ ቃል አያወጣም ይሉ ነበር። በ2014 አሲፋ መጂድና ኒክላስ ቡሬንሁልት የተባሉ ተመራማሪዎች በማሌይ ልሳነ ምድር ጫካ እየለቀሙና እያደኑ ከሚኖሩት ጃሃይ ከሚባሉ ሕዝቦች ያገኙትን ሲያሳትሙ ይህ አባባል ተናጋ። ጃሃዮች የሽታን ዓይነት ብቻ የሚጠሩ፣ ከጭስም ከቅመምም ያልተዋሱ ወደ ደርዘን የሚጠጉ ቃላት አሏቸው። ቤንዚንን፣ ጭስንና የሌሊት ወፍ ኩስን አንድ ላይ የሚያቅፍ የሚሰነፍጥ ሽታ አንድ ቃል አለው፤ ነብርን የሚጠራ የደም ሽታ ደግሞ ሌላ። ወንድምና እህት ተጠጋግተው እንዳይቀመጡ የሚከለክል ደንብም አላቸው፤ ሽታቸው ይቀላቀላል ተብሎ።

ተመራማሪዎቹ አንድ ዓይነት ሽታዎችን ለጃሃዮችም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ሰጡ። ጃሃዮች ሽታን ሲጠሩ ቀለምን ሲጠሩ የሚስማሙትን ያህል ተስማሙ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በቀለም ተስማምተው በሽታ ተበታተኑ፤ አንዱ ቀረፋ ቀርቦለት ስሙን ፍለጋ ብዙ ከዞረ በኋላ የሚያውቀውን ማስቲካ መተረክ ጀመረ። መጂድ በእንግሊዝኛ ውስጥ የጃሃዮቹን ዓይነት ቃል ስትፈልግ ከሞላ ጎደል አንድ ብቻ አገኘች፦ «መስቲ»፣ ቦራኪዮ ሲያጥነው የነበረው ክፍል ሽታ። ያም ቢሆን ሥሩ ሲማስ እርጥብ ከሚል ቃል የመጣ ሳይሆን አይቀርም።